ቀዩ መኪና ካሸነፈ ትሄጃለሽ

እኛ ግቢ ዲሽ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሳህኑ እሱ ጣራ ላይ ተተክሎ፣ ሪሲቨሩ እሱ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ ኬብሉ ግን በቆርቆሮው ሥር እየተሽሎከለከ በየቤታችን ይገባ ነበር። እሱ የከፈተውን ሁላችንም እናያለን። እሱ ቻናል ሲቀይር የሁላችንም ይቀየራል፣ እሱ ዘግቶ ሲተኛ የሁላችንም ይጨልማል። የዓረብ ድራማው ልብ ሰቅሎ በያዘበት ሰዓት ድንገት ሌላ ነገር ሲመጣብን ከየቤቱ የሚሰማውን እርግማን አልረሳውም። ግን ማን ደፍሮ ይናገረዋል? በነፃ ነው የሰጠን። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እኛ ግን በሰው ዲሽ ደምቀን እንኖር ነበር።

ሰውየውን ባለዲሹ ነበር የምንለው። ጉራጌ ነው፣ ሱማሌ ተራ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ይሸጣል፣ ሚስቱና ልጆቹ አገር ቤት ናቸው። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ በእንግሊዝ ኳስ ሲያብድ እሱ የሚያብደው በመኪና ውድድር ነው። ቅዳሜ ኳሱን ይለቅልናል፤ እሁድ ውድድር ካለ ግን ዓለም ቢገለበጥ መኪና ነው። ጎረምሶቹ እየተነጫነጩ ኳስ ወደሚያሳዩት የሜክሲኮ አደባባይ ቤቶች ይሄዳሉ። እኔ የትም መሄድ አልችልም። አባቴን ጥዬ የት እሄዳለሁ?

አባቴ የተሳቢ ሹፌር ነበር። ወጣትነቱን የጨረሰው በአሰብ መንገድ ላይ ነው። ልጅ ሆኜ ከፊቱ ይልቅ ሲሄድ ጀርባውን ነው የማውቀው። እናቴ ከሞተች በኋላ ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ አፉም ትንሽ ወደ ጎን ተሳበ። ያን ሁሉ አገር ያካለለ ሰው ዓለሙ ከአልጋው እስከ በሩ ሆነ። ቤታችን አንድ ክፍል ናት። መሀሏን በመጋረጃ ከፍለን ከወዲህ እሱ ከወዲያ እኔ እንተኛለን። እሱ ሲያስለው እኔ እነቃለሁ፤ እኔ ስገላበጥ እሱ "ምነው፣ አልተኛሽም?" ይለኛል። እንቅልፌ እንኳን የራሴ አልነበረም።

በዚያ ላይ ሰፈራችን ሊፈርስ ነው ከተባለ ቆይቷል። መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። ጣራው ቢያፈስ የሚቀይር የለም፣ ግድግዳው ቢላጥ የሚመርግ የለም፤ ነገ ለሚፈርስ ቤት ማን ጭቃ ያቦካል? ሊመዘግቡ ሲመጡ ሰው ያልተገኘበት ቤት ምትክ አይሰጠውም የሚል ወሬም ነበር። እውነት ይሁን ውሸት ሄዶ ያጣራ የለም። ሁሉም ብቻ ፈርቶ ቤቱን ይጠብቃል። ለቅሶ እንኳን ክፍለ ሀገር የሚሄድ ሰው አንድ ዘመዱን ቤት አስቀምጦ ነው። ባለዲሹ ብቻ ነበር መስቀልን አገር ቤት ሳይሄድ ከሚቀር ቤቱ ቢፈርስ የሚመርጠው።

እኔ የላብራቶሪ ዲፕሎማ አለኝ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ደምና ሰገራ እመረምር ነበር። ክፍሏ መስኮት የላትም፤ ቀኑን ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ እውልና ማታ ወደ ሌላዋ መስኮት አልባ ክፍል እገባለሁ። አብራኝ የተማረች ልጅ ሀዋሳ አዲስ በተከፈተ የግል ሆስፒታል ተቀጥራ ነበርና ስሜን ሰጠችልኝ። ፈተኑኝ፣ ወደዱኝ፣ ኅዳር ላይ እንድጀምር ቦታ ያዙልኝ። እውነቱን ለመናገር ያማለለኝ ሥራው ብቻ አይደለም። በሩን ከውስጥ የምቆልፈው አንድ ክፍል ነው ያማረኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ ብቻዬን ክፍል ውስጥ ተኝቼ አላውቅም ነበር።

መላውም ተገኝቶ ነበር። አዳማ ያለችው አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ባሏ ሞቶ ልጆቿን ድራ ስለነበር እኔ መጥቼ ከወንድሜ ጋር እቀመጣለሁ አለችኝ። የቀረው የአባቴ እሺታ ነው። አባቴ ደግሞ ምክንያት አያልቅበትም። እህቱ የዚህ ቀበሌ መታወቂያ ስለሌላት ለምዝገባ ሲመጡ እንግዳ ናት ይሏታል አለ። ሀዋሳ ወባ አለ አለ። አንድ ቀን ጭራሽ መንገዱ ኩርባ ይበዛዋል አለኝ። የሀዋሳ መንገድ እንደ ሜዳ የተዘረጋ መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

ያለ እሺታው መሄድ አትችዪም ነበር ወይ የሚለኝ አለ። እግር ነበረኝ፣ እችል ነበር። ግን የታመመ አባት ሳይመርቀኝ የወጣሁበት መንገድ ይቀናኛል ብዬ አላምንም። ዛሬም አላምንም። ስለዚህ ምርቃቱን እየጠበቅሁ ተቀመጥኩ።

የውድድሩ ዘመን የጀመረው ሚሊኒየሙን ባከበርንበት በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት ላይ ነው። አባቴ መጀመሪያ ያየው ሌላ የሚያየው ስላልነበረ ነው። ባለዲሹ ያመጣበትን ከማየት ውጪ ምን ምርጫ አለው? ቀስ በቀስ ግን ገባበት። በግራ ክንዱ ተደግፎ ቀና ይልና ፍሬን የያዙበትን፣ ማርሽ የቀየሩበትን እየነቀሰ ይተቻል። እኔ ጠልቼው ነበር። ያን ያህል ሮጠው፣ ያን ያህል ነዳጅ አቃጥለው ዞረው የሚመጡት እዚያው ወደተነሱበት ነው። ልብሱን እያጠብኩ ያንን እንደ ተርብ የሚጮህ የሞተር ድምፅ ስሰማ ነርቬ ይነሳል።

በዚያ ዓመት ለዋንጫው የሚተናነቁት ሁለት ልጆች ነበሩ። አንዱ እንግሊዛዊ ሆኖ ጥቁር ነው፤ በዚያ ውድድር ከእሱ በፊት ጥቁር አልታየም ይባል ነበርና ግቢው ሁሉ ስለ መኪና ሳያውቅ የእሱ ወገን ሆነ። ባለዲሹማ እንደ ወንድሙ ልጅ ነበር የሚያየው። ሌላው የጣሊያኖቹን ቀይ መኪና የሚነዳ ብራዚላዊ ነው። ሰኔ ላይ ጥቁሩ ልጅ ጎማ ከሚቀየርበት ቦታ ሲወጣ፣ ቀይ መብራት ይዞት የቆመ መኪና ከኋላ ሄዶ ገጨ። አባቴ ሳቀና ይሄ ልጅ መንጃ ፈቃዱን ያወጣው ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ነው አለ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደግሞ ብራዚላዊው ሲመራ ቆይቶ ሊጨርስ ጥቂት ዙር ሲቀረው ሞተሩ ጨሰና ቆመ። የዚያን ቀን አባቴ እራት አልበላም። ሞተር እንደ ሰው ነው፣ ሳይነግርህ ነው የሚጥልህ አለ። የቀዩ ወገን የሆነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ይመስለኛል። የጣሊያን ካሚዮን ስለነዳ ነው ብሎ ግን ለሰው ሁሉ ያስረዳ ነበር።

መስቀል ሲደርስ ባለዲሹ እንደ ልማዱ ሻንጣውን ይዞ፣ ቤቱን ቆልፎ አገር ቤት ገባ። ሪሲቨሩን ሳያጠፋ፣ እዚያው የስፖርት ቻናሉ ላይ ትቶት ነው የሄደው። ግቢው የበዓል ፕሮግራም እንዳማረው ቀረ። ሴቶቹ የተቆለፈው በር ላይ ቆመው ሲራገሙ አባቴ በደስታ ፈካ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቴሌቪዥኑ የእሱ ብቻ ሆነለት። በበዓሉ ማግስት እስያ ውስጥ አንድ ከተማ ላይ በጨለማ፣ በፓውዛ መብራት ተወዳደሩ። ብራዚላዊው ነዳጅ ሊቀዳ ቆሞ፣ ሂድ የሚለው መብራት ቀድሞ በራለትና ቱቦውን ከነሥሩ ነቅሎ እየጎተተ ወጣ። አባቴ እኔ ረዳቴ በእጁ ደህና ነው ሳይለኝ ነቅንቄ አላውቅም፣ እነሱ ሰውን በአምፖል ተኩ አለ። ባለዲሹ ሲመለስ ያንን ነገር እየደጋገመ ተረከለት። እኔ መጋረጃው ጀርባ ሆኜ የሰማሁትን ነገር እንደ አዲስ እሰማለሁ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ከሀዋሳ ቁርጥሽን ንገሪን ብለው ደወሉ። አንድ ውድድር ብቻ ቀርቶ ነበር። ባለዲሹ ማታ ሊያወራ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እኔም ምስክር ቢኖር ይሻላል ብዬ እዚያው ፊቱ አባቴን ጠየቅሁት። ዘንድሮ ካልሄድኩ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፣ እንግዲህ እሺ በለኝ ወይ እምቢ በለኝ አልኩት።  እሱ በደህናው እጁ ቴሌቪዥኑን አመለከተ።

"ቀዩ መኪና ዋንጫውን ከበላ ትሄጃለሽ" አለኝ። "ካልበላ ግን የሀዋሳን ነገር ሁለተኛ አታንሺብኝ።"

ባለዲሹ ሳቀ። አባቴ እንዳልሳቀ ሲያይ ግን ተወው። እኔ በንዴት እሺ አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ዓመቱን ሙሉ ከእሱ አፍ የወጣ፣ መሄድ የሚል ቃል ያለበት ንግግር ይሄ ብቻ ነበር። ባለዲሹ ሲወጣ ሸኘሁትና ደጅ ላይ ጠየቅሁት። ራሱን እያከከ አስረዳኝ። ጥቁሩ ልጅ በነጥብ ይመራል፤ ቀዩ እንዲበላ ራሱ አንደኛ መውጣት፣ ጥቁሩ ደግሞ ስድስተኛ ወይም ከዚያ በታች መውረድ አለበት። የማይሆን አይደለም ግን ሆኖ አላየሁም አለኝ። አባቴ ቃል የገባልኝ አስልቶ ነው ማለት ነው። የሚወደውን መኪና ዋስ አድርጎ ያሰረኝ፣ እንደማያሸንፍለት እርግጠኛ ሆኖ ነው።

እኔም ጥቁሩን ልጅ እወደው ነበር፤ ደም አይደል? እንዲሸነፍ እየተመኘሁ የተቀመጥኩት ግን እኔ ነኝ። ወደ ልደታ ማርያም ሄጄ ለመሳል አፈርኩ። ምን ብዬ ነው የምጠይቃት? በልቤ ብቻ ይሁንልኝ አልኩ።

የመጨረሻው ውድድር የተካሄደው በብራዚላዊው አገር ነው፤ እኛ ጋ መሽቶ ነበር። አባቴን ደግፌ አስቀመጥኩት፣ ትራስ ከኋላው አደረግሁለትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዓመቱን ሙሉ አንድም ውድድር አብሬው ቁጭ ብዬ አላየሁም ነበር። ቀዩ ከመነሻው እስከ መድረሻው መራ። ጥቁሩ አምስተኛ ላይ ረግቶ ተቀምጧል፤ አምስተኛ ደግሞ ይበቃዋል። ተስፋ ቆርጬ እራት ላሞቅ ስነሳ እዚያ አገር ዝናብ መጣ። ሁሉም ጎማ ለመቀየር ይተራመስ ጀመር። ሁለት ዙር ሲቀር አንድ መኪና ጥቁሩን ልጅ አለፈው። ስድስተኛ ሆነ። ድስቱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አባቴን አየሁት፤ እሱ እኔን ያያል።  ቀዩ መኪና መስመሩን አለፈ። የብራዚላዊው አባት መካኒኮቹ መሀል ሆኖ ሲዘል፣ ሲያለቅስ፣ ያገኘውን ሁሉ ሲያቅፍ አሳዩት። የእኔም አባት አለቀሰ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይሉ የለ፤ በደህናውም በታመመውም ዓይኑ እኩል ይወርድ ነበር። ለመኪናው ይሁን ለእኔ አልጠየቅሁትም።

ያኔ መብራት ሄደ።

ግቢው በአንድ ድምፅ አጉረመረመ። ሻማ ስፈልግ አባቴ በጨለማው ውስጥ ተናገረ። ቃል የእምነት ዕዳ ነው፣ ለእህቴ ደውዪላት፣ ከመሄድሽ በፊት እመርቅሻለሁ አለ። እጁን ስሜ ወደ መጋረጃዬ ገባሁ። በዚያች ክፍል ውስጥ እንደዚያን ዕለት ሰፍቶኝ የተኛሁበት ቀን የለም። እንቅልፌ ስለጠናብኝ መብራቱ መቼ እንደመጣ አላወቅሁም።

በማግስቱ ክሊኒክ ስሠራ ለአለቃዬ እንዴት እንደምነግረው ቃል ስመርጥ ዋልኩ። ከሥራ ስወጣ የሀዋሳን አውቶቡስ ለመጠየቅ ወደ ሜክሲኮ ወረድኩና፣ ራሴን ልጋብዝ ብዬ ካፌ ገብቼ ማኪያቶ አዘዝኩ። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን የስፖርት ዜና ያሳያል። ያው የብራዚላዊው አባት ይዘላል፣ ያለቅሳል፣ ያቅፋል። ከዚያ እኛ ያላየነው መጣ። አንድ ሰው ጠጋ ብሎ የሆነ ነገር ይነግረዋል። ደስታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ። ቀጥሎ ጥቁሩን ልጅ ባንዲራ ለብሶ አሳዩት። መጨረሻዋ ኩርባ ላይ፣ ጎማውን ሳይቀይር ዝናብ ላይ የሚንሸራተት አንድ መኪና አልፎ አምስተኛ ወጥቶ ነበር። ዋንጫው የእሱ ነው። እኛ መብራት በሄደብን ሰዓት ሁሉም ነገር ተገልብጦ አድሯል።

ማኪያቶው ሳይነካ ቀዘቀዘ። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል ብዬ አሰብኩ፤ በልደታ ፍርድ ቤት በኩል እየሄድኩ እሱኑ ሳሰላስል ነበር። ግን የዚያ ሰውዬ ፊት አልለቀቀኝም። አባቴ ከሄድኩ በኋላ ከሰው አፍ ሰምቶ፣ በዚያች አልጋ ላይ ብቻውን ፊቱ እንደዚያ እንዲቀዘቅዝ አልፈለግሁም። ደግሞም፣ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ዝም ብዬ ብሄድ የማሸንፈው ነገር ባዶ ሆኖ ታየኝ። ሂጂ እንዲለኝ የፈለግሁት አባቴ ነው። እውነቱን ብነግረው፣ መኪናው ባይበላም አንቺ ሂጂ ይለኛል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ያንን ተስፋ ይዤ ገባሁ።

ቴሌቪዥናችን ላይ የዓረብ ድራማ ነበር። ባለዲሹ ሰኞ ማታ የውድድሩን ድጋሚ ሳያይ ማለፉ ይገርማል፤ እኔ ግን ልብ አላልኩትም። ቦርሳዬን ሳላወርድ አባቴ ፊት ቆምኩ።

"አባዬ፣ ቀዩ አልበላም" አልኩት።

ዓይኑን ከድራማው አልነቀለም። "ማን ጠየቀሽ?" አለኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ባለዲሹ ጠዋት ገና ወደ ሥራ ስወጣ መጥቶ ነግሮታል። አባቴም እሷ እስክትሄድ ድረስ ያንን ቻናል እንዳትከፍተው ብሎ ለምኖታል። ሰውየው ዓመቱን ሙሉ የጮኸለት ልጅ ዋንጫ በልቶ፣ ደስታውን ዋጥ አድርጎ ከማይወደው ድራማ ጋር ተፋጥጦ ተቀምጧል።

አውቀህ ነው ዝም ያልከው አልኩት። እኔ ዝም ብዬ አንቺም ዝም ብለሽ ትሄጂ ነበር፣ ምን ነበረበት አለኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ቦርሳዬን አውርጄ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ቢሆንም ልቤ አልቆረጠም።

"አሁንም መሄድ እችላለሁ" አልኩት። "አንተ ሂጂ ካልከኝ።"

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ባልና ሚስት በዓረብኛ ይጣላሉ። አባቴ ደህናውን እጁን አንስቶ ፊቱን ሸፈነ።

"መኪናው ሲልክሽ ችዬው ነበር" አለ። "እኔ በአፌ ሂጂ ልልሽ አልችልም። ብቻዬን እፈራለሁ።"

አክስቴ ትመጣለች ልለው ነበር። ግን ተውኩት። አክስቴ ብትመጣም ባትመጣም ለውጥ እንደሌለው ከድምፁ ገባኝ። ወጥቼ ግቢው መሀል ቆምኩ። ባለዲሹ በሩ ላይ ነበር፤ አይቶኝ ሊናገር አሰበና መልሶ ገባ። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ተናድጄ አላውቅም። አትሄጂም ብሎ ቢቆጣኝ ኖሮ እጮህበት ነበር፣ አኩርፌው፣ ሽማግሌ ልኬበት፣ በስተመጨረሻ ሻንጣዬን ይዤ እወጣ ነበር። እፈራለሁ ያለን ሰው ምን ይሉታል? የአሰብን ሐሩር ሌሊትና ቀን ሲያቋርጥ የኖረ ሰው ነው። በሕይወቱ እፈራለሁ ሲል የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ይህንንም ያገኘሁት እውነት ስለተናገርኩ ነው። ምነው ዝም ባልኩ ብዬ ደጋግሜ አልኩ። አሁንም አንዳንዴ እላለሁ።

ከዚያ ገብቼ እራቱን አጎረስኩት፣ እግሩን አጠብኩት። 

በማግስቱ ከክሊኒኩ በር ላይ ሆኜ ሀዋሳ ደወልኩ። ቦታ የያዙልኝ ሴትዮ ደግ ነበሩ፤ ምን ገጠመሽ ልጄ፣ ችግር ካለ ጥቂት ቀን እንጠብቅሻለን አሉኝ። አባቴ ይፈራል ብዬ ለሰው መናገር አልቻልኩም።

"ሐሳቤን ቀይሬ ነው" አልኳቸው።